ላም አለኝ በፎገራ

ዜና የሚወደው አንድ ሰው አለ፤ «አርሶ አደሩ» ይባላል። አርሶ አደሩ አመረተ፣ አርሶ አደሩ ተጠቀመ፣ አርሶ አደሩ ሞዴል ሆነ። ወረታ ወርዳችሁ ፎገራ ሜዳ ላይ ይሄን ሰው ብትፈልጉት ግን አታገኙትም። የምታገኙት ቢያንስ ሦስት ሰው ነው፤ የሦስቱም ጥቅም ለየቅል ነው።

«መደብ» ስንል ብዙዎቻችሁ ፊታችሁን እንደምታጨማድዱ አውቃለሁ። አይፈረድባችሁም። በደርግ ጊዜ ቃሉ የካድሬ ዱላ ነበር። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት ሲሸነሸንም «ቢሮክራሲ» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የሚል ታርጋ የተለጠፈበት ገበሬ መሬቱ ከሌላው በባሰ ተቀነሰ። ማርክስ ግን መደብን በታርጋ አልለካም። የሱ ጥያቄ ቀላል ነው፦ ማምረቻው በማን እጅ ነው? የማን ላብ ወደ ማን ኪስ ይገባል?

«የካፒታል» ሦስተኛ ቅጽ መጨረሻ ላይ ስለ መደቦች የጀመረው ምዕራፍ ሳያልቅ ተቋርጧል። ሦስት ዋና ዋና መደቦችን ግን ቆጥሯል፦ ጉልበቱን ሽጦ አዳሪ፣ ባለ ካፒታል፣ ባለ መሬት። ፎገራ ላይ ሦስቱም አሉ። ልዩነቱ፣ እዚህ ደካማው ባለ መሬቱ መሆኑ ነው።

እንዴት? መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሆነ፤ የዛሬው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ባላባት የለም፣ ጭሰኛም የለም። በወረቀት።

አሁን አንዲት ባሏ የሞተባትን እናት አስቡ። የይዞታ ደብተሯ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። በሬ የላትም፣ የአረም ገንዘብ የላትም፤ ስለዚህ መሬቷን የእኩል ትሰጣለች። ተቀባዩ ጥማድ በሬና የውሃ ሞተር ያለው ጎረቤቷ ነው። እሱ የእሷንም የሌሎችንም መሬት ይዞ ክረምት ሩዝ ያመርታል፤ በጋ ላይ የርብን ወይም የጉማራን ውሃ ስቦ ቀይ ሽንኩርት ይተክላል። እሷ ድርሻዋን አጨዳ እንዳበቃ፣ ገበያው ሲረክስ ትሸጣለች። ማቆየት የሚችል ያቆያል፤ ሲወደድ ይሸጣል። ሦስተኛው ከ1989 ወዲህ የተወለደው ወጣት ነው። ሽንሸናው አልደረሰለትም፤ ከወላጅ ካልተካፈለ ወይም ካልተከራየ መሬት የለውም። ያለው ክንዱ ነው። ሩዝ ደግሞ አረሙም አጨዳው ክንድ ይበላል።

ይሄ የኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። ሌኒን እ.ኤ.አ. በ1899 ስለ ሩሲያ ገበሬዎች ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሬና ፈረስ ያጣ ድሃ ድርሻ መሬቱን ለሀብታሙ እንደሚያከራይ አሳይቷል። መሬት ብቻውን አያርስም።

የሚያስቀው፣ የፎገራ ሩዝ ራሱ የሶሻሊዝም ልጅ መሆኑ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ፤ «ኤክስ-ጅግና» የተባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ማኅበራቱ ፈረሱ፣ ሩዙ ቀረ። ዛሬ ወረታ የመፈልፈያ ከተማ ሆናለች። ከመደብ ነፃ ሊያወጣ የመጣ እህል አዲስ መደብ አበቀለ!

«እንግዲያው መሬት ይሸጥ፣ ይገላገሉ» የሚል ወዳጅ አለኝ። ይሸጥና ያቺ እናት በአንድ መጥፎ ዓመት ደብተሯን ለውጣ ወረታ የቀን ሥራ ትፈልግ? በዚህ አልስማማም። ባለ ሞተሩም ሌባ አይደለም፤ ጥሯል፣ ገንዘቡን አውጥቷል፣ ጎርፍ ሲመጣ አብሮ ይከስራል። ችግሩ ጠባዩ ሳይሆን በእሱና በእሷ መካከል ያለው ሚዛን ነው። ሚዛኑን የሚያስተካክለው ለእንደሷ ያሉት በጋራ የሚይዙት ሞተር፣ እህሏን እስከ ጥሩ ገበያ የሚያቆይላት ብድር፣ ወረዳ ላይ በጽሑፍ የሚመዘገብ የእኩል ውል ነው። ወጣቱም ስለ ቀን ዋጋው ተሰብስቦ መደራደር አለበት።

ከተሜው፣ አንተም ከጨዋታው ውጭ አይደለህም። ጤፍ ሲወደድ እንጀራህ ውስጥ የተቀላቀለው ሩዝ ከዚያ ሜዳ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሲረክስልህ የረከሰው የማን ላብ እንደሆነ ጠይቅ።

ፎገራ ከሩዝ በፊት ስሟ የሚጠራው በላሟ ነበር፤ ግጦሹ ሩዝ ሆነና ላሟም ተመናመነች። የቀረችው ተረቷ ናት፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። መሬቱን ለሰጠነው ሁሉ የሚታለብበትን እጅ እስካልሰጠነው ድረስ፣ ደብተሩም ያችው ላም ነው።