አክሶሎትልን በልጅነቱ መሸጥ ይቁም

ማይንክራፍት የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2021 አክሶሎትልን ካስገባ ወዲህ ብዙ ልጆች ይህን የሜክሲኮ የውኃ እንስሳ ወላጆቻቸውን ይጠይቃሉ። ፈገግ ያለ የሚመስል አፍ፣ ከራሱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተዘረጋ ስንጥብ፣ ቆብ የሌለው ዓይን። ልጅ ቢወደው አይፈረድበትም። የሚፈረደው 4 ሴንቲ ሜትር ያልሞላውን ልጁን በፕላስቲክ ከረጢት ውኃ ውስጥ ጨምሮ «አያስቸግርም» ብሎ በሚሸጠው ነጋዴ ላይ ነው።

በጣም ያስቸግራል። ከእንቁላሉ የወጣ አክሶሎትል ጥቂት ቀን በአስኳሉ ይቆይና ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀስ ነገር ካላየ አይበላም። ደረቅ የዓሣ ምግብ ቢበተንለት ዞር ብሎም አያየውም። የሚፈልገው በሕይወት ያለ፣ በዓይን በጭንቅ የሚታይ የውኃ ነፍሳት ነው፤ ዳፍንያ ወይም አዲስ የተፈለፈለ የጨው ውኃ ሽሪምፕ። ያውም በየቀኑ። ይህን ምግብ ቤት ውስጥ ማራባት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሻጩ ግን ስለ እሱ ትንፍሽ አይልም።

ከምግቡ የባሰው ውኃው ነው። የተረፈ ምግብና ዓይነ ምድር ወደ አሞንያ ይለወጣል። አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች በአዲስ አኳሪየም ውስጥ እስኪጠነክሩ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል። እንግዲህ አኳሪየሙንና እንስሳውን በአንድ ቀን የገዛ ቤተሰብ፣ እንስሳውን የሚያስገባው በቀናት ውስጥ በሚመረዝ ውኃ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው አርቢዎች ትንንሾቹን በትልቅ አኳሪየም ፋንታ በሰፊ ሳህን ይዘው፣ ክሎሪኑ በመድኃኒት በጠፋለት ውኃ በየቀኑ የሚቀይሩላቸው። ሙቀቱም ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል፤ 24ን ካለፈ አደጋ ነው። ለጌጥ የሚነጠፈው ጠጠር ደግሞ ይዋጣል፤ አንጀት ይዘጋል።

«እንዳይደብረው ሁለት ግዙ» የሚል ምክርም አለ። ትንንሾቹ ሲርባቸው አንዱ የሌላውን እግር ይበላል። ይበቅልለታል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ይበቅላል። ግን ስለሚበቅል ይቆረጥ ማለት ምን ዓይነት ርኅራኄ ነው?

ንግዱን የሚደግፉ ሰዎች ትልቁ መከራከሪያ፣ ዝርያው በተፈጥሮ ቦታው እየጠፋ ስለሆነ በቤት ማርባት ማዳን ነው የሚል ነው። መጥፋቱ ሐቅ ነው። በሜክሲኮ ሲቲ በሶቺሚልኮ የውኃ ቦዮች እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 6,000 ገደማ ተገምቶ ነበር፤ በ2014 ግምቱ 36 ሆነ። እዚያ የጨረሰው ግን የውኃው መበከልና እንቁላሉንና ልጆቹን የሚበሉት ከውጭ የገቡት ቲላፒያና ካርፕ ዓሦች ናቸው። በየሳሎኑ ያለው አክሶሎትል አብዛኛው ዘሩ የሚመዘዘው እ.ኤ.አ. በ1864 ወደ ፓሪስ ከተላኩ 34 እንስሳት ነው፤ ለዘመናት እርስ በርሱ ተዋልዷል። ወደ ሶቺሚልኮ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ የቤቱ አክሶሎትል የቤት እንስሳ ነው፤ ክርክሩም ስለ አያያዙ ብቻ ይሁን።

አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ እስከ 1,000 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ልጁ በርካሽ የሚሸጠውም ስለዚህ ነው፤ አርቢው ከባዱን ወራት ከራሱ አውርዶ ለማያውቀው ቤተሰብ ያሸክማል። 8 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ እንዳይሸጥ ቢከለከል ያን ሸክም አርቢው ራሱ ይሸከማል። ያኔ የተቆረጠ ትል ይበላል፣ እግሩም ከመነከስ ይተርፋል። ዋጋው ይወደዳል። ይወደድ! ከ10 ዓመት በላይ የሚኖር እንስሳ ከአሻንጉሊት የረከሰ መሆኑ ነው ነውሩ።

ሕጉ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ አንድ ጥያቄ ከሻጩ ይጠበቃል፦ «አኳሪየሙ ውኃ ከያዘ ስንት ሳምንቱ ነው?» ገዢው «ዛሬ ነው የምገዛው» ካለ፣ አኳሪየሙን ብቻ ይዞ ይሂድ።