ያን ቀን የት ነበርህ?

ሰው የአገሩን ታሪክ በሁለት መንገድ ያውቀዋል። አንደኛው ከመጽሐፍ የተማረው ነው፤ ሁለተኛው በራሱ ዘመን ሲደርስ ያየውና የሰማው ነው። ከመጽሐፍ የተማረውን በዓመተ ምሕረት ይቈጥረዋል። በዘመኑ የደረሰውን ግን በቦታ ይቈጥረዋል፤ «ያን ቀን እኔ ገበያ ነበርሁ፤ ያን ጊዜ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነበር» ይላል። ስለዚህ የአገር ሐዘን በተነሣ ቍጥር፣ በሻይ ቤትም ሆነ በልቅሶ ቤት፣ ጨዋታው ብዙ ሳይቈይ «አንተስ የት ነበርህ?» ወደሚለው ጥያቄ ይዞራል።

ይህ ጥያቄ ሲያዩት ተራ ይመስላል። ነገር ግን ነገ መዝገብ ለሚይዝ ወጣት ሹምና ዛሬ ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ ቁም ነገር ያለበት ነው። ምክንያቱም ከሚነገረው መልስ ግማሹ ምስክርነት፣ ግማሹ ደግሞ ልብ ራሱ የሠራው ሥዕል ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት እንዴት ይቻላል? ለዚህ ጥያቄ ከምዕራብ ሐረርጌ የተሻለ ምሳሌ የሚሰጥ አገር ማግኘት ያስቸግራል።

ሐዲዱና ከተማው

ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪ በጨርጨር ደጋ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀድሞ የጨርጨር አውራጃ፣ አሁን የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ባቡሩ ግን ወደ ደጋው አልወጣም። ከጅቡቲ ተነሥቶ 784 ኪሎ ሜትር ተጕዞ አዲስ አበባ የሚገባው የቀድሞው ሐዲድ በቆላው በኩል በአፍደም፣ በሚኤሶና በአሰቦት አድርጎ ወደ አዋሽ ያልፍ ነበር። በባቡር ለመሄድ የሚፈልግ የደጋ ሰው ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ከባቡር የወረደም ሰው ዕቃውንና ወሬውን ይዞ ወደ ደጋ ይወጣል። እንዲህ በመሆኑ ብዙ የአገር ነገር ለጨርጨር ሰው የደረሰው በሐዲዱ በኩል ነው።

ለምሳሌ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ ያለፉት በዚሁ ሐዲድ ነው። የጠላት ጦር አዲስ አበባ የገባው ከሦስት ቀን በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በሐዲዱ ዳር የነበረ ሰው እንግዲህ የአገሪቱን መከራ ከዋና ከተማው ነዋሪ እኩል፣ ምናልባትም ቀድሞ ለማየት ይችል ነበር። ያየውን በጽሑፍ ያኖረው ሰው ግን ጥቂት ነው። የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወታቸውን ታሪክ ጽፈው ስላለፉ፣ ዛሬ የዚያን ዘመን ጨርጨር በእሳቸው ዐይን ለማየት እንችላለን። ሳይጽፍ ያለፈው ብዙው ሰው ግን ያየውን ይዞት ሄዷል።

የአዋሹ አደጋ

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በጥር ወር 1977 ዓ. ም.፣ ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ የነበረ ፈጣን የመንገደኞች ባቡር አዋሽ አጠገብ ከሐዲድ ወጣ። ቦታው ሐዲዱ በድልድይ ላይ የሚታጠፍበት ነበርና ከ5ቱ ፉርጎዎች 4ቱ ወደ ገደሉ ወደቁ። ወደ 1000 የሚጠጉ መንገደኞች እንደ ነበሩበት ተነግሯል። በወቅቱ የተሰጠው ምክንያት ባቡሩ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን አለመቀነሱ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በአፍሪካ ብዙ ሕይወት ከጠፋባቸው የባቡር አደጋዎች በመጀመሪያው ረድፍ ይቈጠራል።

ዘመኑ የረኀብ ዘመን ነበር። ከጥቅምት ወር ጀምሮ የዓለም ዐይን ያረፈው በኮረምና በመቀሌ መጠለያዎች ላይ ነው። በዚያ ታላቅ ሐዘን መካከል የደረሰ ሌላ ሐዘን ስለ ሆነ፣ የባቡሩ አደጋ በአገሪቱ ትዝታ ውስጥ የሚገባውን ያህል ቦታ አላገኘም። በሐዲዱ ዳር ባሉት ከተሞች ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሞተው ሰው በሚኤሶ ያለፈ መንገደኛ ነው፤ ወይ ነጋዴ፣ ወይ ወታደር፣ ወይ ዘመድ ጠያቂ፣ ወይ ተማሪ ነው። በዕድሜ የገፋውን የዚያን አገር ሰው የት እንደ ነበረ ቢጠይቁት፣ አንዱ እርሻ ላይ፣ አንዱ ሱቁ ውስጥ፣ ሌላው ሬዲዮ አጠገብ እንደ ነበረ ይናገር ይሆናል።

አሁን ግን ሁለተኛውን ጥያቄ እንጠይቅ። ስንት ሰው ሞተ? አንዳንዱ ጽሑፍ 392 ይላል፤ አንዳንዱ 428 ይላል። ቀኑስ መቼ ነበር? አንዱ ጥር 5 ቀን፣ ሌላው ጥር 6 ቀን ይለዋል። እንግዲህ ሰው ሁሉ የራሱን ቦታ አጥርቶ የሚናገርለት አደጋ፣ ዋናው ነገር ማለት የሟቾቹ ቍጥርና ቀኑ ሳይቀር ሲያወዛግብ እናያለን። በ392ና በ428 መካከል ያለው ልዩነት 36 ነው። ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ ቍጥር ነው፤ ነገር ግን 36 ሰው፣ 36 ቤት፣ 36 ልቅሶ ማለት ነው።

ልብ እንዴት ይይዛል?

ስለዚህ ነገር ሊቃውንት ብዙ መርምረዋል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ. ም. ተገደሉ። ከዐሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ብራውንና ኩሊክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 40 ነጭና 40 ጥቁር አሜሪካውያንን ጠየቁ። ወሬውን ሲሰሙ የት እንደ ነበሩና ከማን እንደ ሰሙት ከሞላ ጐደል ሁሉም ተናገሩ። ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ መገደል ሲጠየቁ ግን መልሱ ተከፈለ፤ ከ40ዎቹ ጥቁሮች 30ው ሲያስታውሱ፣ ከ40ዎቹ ነጮች ያስታወሱት 13 ብቻ ናቸው። ከዚህ የምንረዳው ሰው ቀኑን የሚይዘው ወሬው ትልቅ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን ሐዘኑ የራሱ ስለ ሆነም ነው።

ሌላው ምርመራ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ከአዋሹ አደጋ አንድ ዓመት በኋላ፣ ጥር 20 ቀን 1978 ዓ. ም.፣ ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር በአየር ላይ ፈነዳች። ናይሰር የተባለው ሊቅ በማግሥቱ ጧት 106 ተማሪዎች ወሬውን የት ሆነው እንደ ሰሙ እንዲጽፉ አደረገ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ከእነዚሁ ውስጥ 44ቱ እንደገና ተጠየቁ። ከ44ቱ 11ዱ ከቀድሞ ጽሑፋቸው ጋር አንድም የሚስማማ ነገር አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በፍጹም እርግጠኛነት ይናገሩ ነበር። አንዲት ተማሪ በመጀመሪያ ወሬውን በክፍል ውስጥ እንደ ሰማች ጽፋ ሳለ፣ በኋላ ግን ከጓደኛዋ ጋር በመኝታ ቤቷ ተቀምጣ በቴሌቪዥን እንዳየችው ተናገረች። የገዛ እጅ ጽሑፋቸው ሲቀርብላቸው እንኳ የቀድሞው ነገር ትዝ ሊላቸው አልቻለም።

ይህ ማለት ሽማግሌዎቻችን ይዋሻሉ ማለት አይደለም። የሚዋሽ ሰው እውነቱን ያውቃል፤ እነዚህ ግን የሚናገሩትን ያምኑታል። ትዝታ በተነገረ ቍጥር ከሌላ ሰው ከተሰማው፣ በኋላም ከታየው ሥዕል ጋር እየተቀላቀለ ይሄዳል። የማይለወጠው በጊዜው የተጻፈው ብቻ ነው።

የተጻፈና ያልተጻፈ ሐዘን

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ. ም. እሑድ ጧት ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ በተነሣ በ6 ደቂቃ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ የነበሩበት 157 ሰዎች ሁሉ አለቁ። ብዙዎቻችን ያን ጧት የት እንደ ነበርን እናስታውሳለን። ነገር ግን ነገሩ በትዝታ ብቻ አልቀረም። የተሳፋሪው ስም ዝርዝር ነበር፤ የአውሮፕላኑ መቅረጫ ተገኘ፤ የአገራችን መርማሪዎች መጀመሪያ ጊዜያዊውን፣ በ2015 ዓ. ም. ደግሞ የመጨረሻውን መግለጫ አወጡ። ከአምስት ወር ገደማ በፊት በኢንዶኔዢያ 189 ሰዎች ያለቁበት አውሮፕላንም ዐይነቱ አንድ፣ ቦይንግ 737 ማክስ ስለ ነበረ፣ የተሳሳተ ምልክት ተቀብሎ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋው መሣሪያ ታወቀ። ዓለም ሁሉ ያንን ዐይነት አውሮፕላን ከመብረር አገደ። መዝገብ መያዙ ለሞቱት ባይደርስላቸውም በኋላ ለሚሳፈሩት ጠቀመ።

አንድ ቀን፣ ብዙ ትዝታ

ከዚህ የሚከብድም አለ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ. ም. ማታ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገደለ። በማግሥቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ወሬው በስልክና በአፍ ሄደ። በዚያ ሰሞን በብዙ ከተሞች ሰው ሞተ፤ ቤትና ሱቅ ተቃጠለ። ያን ቀን የት እንደ ነበሩ ሁለት ጎረቤታሞችን ብንጠይቃቸው፣ አንዱ የሚያለቅሰው ለዘፋኙ ሲሆን፣ ሌላው ያን ቀን ለሞተበት ልጁ ወይም ለተቃጠለ ቤቱ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ የሌላውን አይሽረውም። ነገር ግን እየተደማመጡ ካልተጻፉ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሐዘን ብቻ ለልጁ ያወርሳል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ከተማ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ልጆች ስለ አንድ ቀን ሲነጋገሩ የማይግባቡ ይሆናሉ። በአሜሪካው ምርመራ 30ውና 13ቱ ያሳዩት ልዩነት በእኛም መንደር ያለ ነገር ነው።

ምን ይደረግ?

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ሥራው ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በጭሮ፣ በሚኤሶ፣ በሂርና፣ በበዴሳ ወይም በገለምሶ የሚያስተምር መምህርም ሆነ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሹም በአንድ ደብተር ሊጀምረው ይችላል። በመጀመሪያ ሽማግሌውን በሚናገሩበት ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ ቃላቸውን ሳይለውጡ መጻፍ ነው። ሁለተኛ በዐይን የታየውን፣ ከሌላ የተሰማውንና በኋላ የታወቀውን ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ሦስተኛ አንድን ነገር ከአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ከሦስትና ከአራት ሰው፣ ከተለያየ ወገንም መጠየቅ ነው። አራተኛ ትዝታውን ከዕድር መዝገብ፣ ከመቃብር ድንጋይ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ማስታወሻ፣ ከጤና ጣቢያም ደብተር ጋር ማስተያየት ነው። አምስተኛ፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ዛሬ የሚደርሰውን ዛሬውኑ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሮ መጻፍ ነው።

ጊዜው ግን ይጠብቀናል ማለት አይደለም። በ1977 ዓ. ም. 20 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ከ60 ዓመት አልፏል። አሮጌው ሐዲድ ሥራውን ትቷል፤ ከ2009 ዓ. ም. ወዲህ በሚኤሶ በኩል የሚያልፈው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ነው። በአዲሱ ባቡር ተሳፍሮ አዋሽን የሚሻገረው ወጣት፣ ከእሱ በፊት በዚያ መንገድ ሄደው ያልተመለሱትን ሰዎች ስም የሚያገኝበት ደብተር ያስፈልገዋል። «ያን ቀን የት ነበርህ?» የሚለው ጥያቄ «ያን ቀን ማን ሞተ? ለምንስ ሞተ?» ወደሚለው ካልደረሰ፣ ከጨዋታ አያልፍም።