ግግ ያወጣነው ጥርስ

«ግግ» ሲባል ምን እንደሆነ የማያውቁ የከተማ ልጆች ክፍላችን ውስጥ አሉ። መካነ ሰላም አካባቢ ላደግን ግን ቃሉ አዲስ አይደለም። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው፣ ጡት አልወስድ ሲል፣ ድዱን በጣት ይዳብሱና «ግግ አብቅሏል» ይላሉ። አዋቂ ይጠራል፤ በወስፌ ወይም በምላጭ ድዱን ሰንጥቆ ነጭ ነገር ያወጣል። ትል ነው የሚሉም አሉ። ኧረ ትል አይደለም! ገና ያልጠነከረ የወተት ክራንቻ ጥርስ ነው።

ደሙ፣ መንጋጋ ቆልፉ፣ ባልተቀቀለ ስለት የሚተላለፈው በሽታ ቀላል አይደለም። እንደ እኔ እንደ እኔ ግን የተረሳው ጉዳት ዘግይቶ የሚመጣው ነው። ከወተት ጥርሱ ሥር የቋሚው ጥርስ እንቡጥ ተኝቷል። ስለቱ ከነካው፣ ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ መብቀል የነበረበት ክራንቻ ተጣሞ ወይም ተበላሽቶ ይወጣል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ አይወጣም። መቼም በእኛ ዘንድ ፍንጭት ውበት ነው፤ ፍንጭት ግን የፊተኞቹ የሁለቱ ጥርሶች መሀል ነው። ክራንቻዋ የጎደለ ልጅ ስትስቅ አፏን በነጠላ የምትሸፍነው ለምን ይመስላችኋል?

የአክስቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነው፤ የላይኛው የግራ ክራንቻ የላትም። ቤተሰቦቿ በሬ ሸጠው ከተማ ወስደው «ኢምፕላንት» ሊያስተክሉላት ተነሥተዋል። ኢምፕላንት እንደ ብሎን ያለ የታይታኒየም ሥር ነው። መንጋጋ ውስጥ ይተከልና አጥንቱ ሲይዘው ሰው ሠራሽ ጥርስ ይገጠምበታል። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያው ታካሚ ከተከሉት ወዲህ ብዙ ሰው ጠቅሟል። እዚህ ላይ ችግሩ ዕድሜዋ ነው። የተፈጥሮ ጥርስ ከሚያድግ መንጋጋ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ኢምፕላንት ግን ከአጥንቱ ጋር ስለሚጣበቅ ባለበት ይቀራል። ጎረቤቶቹ ወደታች ሲወርዱ እሱ አጥሮ ይታያል። ስለዚህ እድገቷ እስኪያበቃ፣ እስከ 20 ዓመት ገደማ፣ መቆየት አለባት። እስከዚያው የሚወለቅ ጥርስ አለ።

ሌላው መንገድ ክፍተቱን በጥርስ ሽቦ ስቦ መዝጋት ነው። ይኼም ቢሆን አስቀድሞ የሚወሰን ነገር ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ኢምፕላንት ቢያምራት ቦታ የለም፣ እንደገና በሽቦ መክፈት ሊመጣ ነው። ዝም ተብሎ ከተተወ ደግሞ አጥንቱ እየሳሳ ይሄዳል። አክስቴን «በሬውን ከመሸጥዎ በፊት ጥርስ የሚያስተካክለውንም የሚተክለውንም ሐኪም ይጠይቁ» ብያቸዋለሁ።

በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕጋችን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስም ጠርቶ፣ በሕፃን ላይ ሞት ወይም ጉዳት ሲያደርሱ ያስቀጣል። ጥሩ ነው። ግን ልጇ በተቅማጥ ሲደርቅባት የምታይ እናት የሕግ አንቀጽ አይታያትም። የሚያስፈልጋት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እና ጤና ጣቢያ ነው። እኛ ጋዜጠኛ ልንሆን የተነሣነውስ? «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች» ብለን አሥሩን በአንድ ትንፋሽ እየዘረዘርን እናልፋለን። ያ ነጭ ነገር ጥርስ መሆኑን፣ ከሥሩም ሌላ ጥርስ እንዳለ ብንነግራቸው ምን አለበት? የቦረና ልጆች፣ ለእረፍት ስትገቡ የቀበሌያችሁን ግግ አውጪ አነጋግሩ። እኔ የእኛን ሰፈሯን ላነጋግር ነው፤ ያወጣችውን ካስቀመጠች ፎቶ አንስቼ አመጣላችኋለሁ።