ችግኙን ከመግዛትዎ በፊት ስሙን ይጠይቁ



ይህ ደብዳቤ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ጓሮ ላለዎት፣ አለዚያም መርካቶ እየሠሩ ለወላጆችዎ የችግኝ መግዣ ለሚልኩ ለእርስዎ ነው። ጓሮው ላይ አቮካዶ ለመትከል ካሰቡ አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ሻጩን «ዝርያው ምን ይባላል?» ብለው ይጠይቁት። «አቮካዶ ነዋ!» ካለዎት ገንዘብዎን ኪስዎ ይክተቱና ወደሚቀጥለው ሻጭ ይሂዱ።

ይህን ያህል የማጠብቀው በምክንያት ነው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም። ጁስ ቤት የጣፈጠዎትን ፍሬ ዘሩን ወስደው ቢተክሉት ስድስት ሰባት ዓመት ጠብቀው ውሃ ውሃ የሚል፣ ቃጫ የበዛበት ፍሬ ሊያገኙ ይችላሉ። የተዳቀለው ችግኝ ግን ከታወቀ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ ተሰክቶ የተሠራ ነው፤ ፍሬው የታወቀ ነው፣ በሦስት በአራት ዓመቱም ማፍራት ይጀምራል። ዛሬ የዓለምን ገበያ የያዘው የሐስ ዝርያ ራሱ በካሊፎርኒያ ሩዶልፍ ሐስ የተባለ ፖስተኛ ካሳደገው አንድ ዛፍ የመጣ ነው። ሰውየው የባለቤትነት መብቱን እ.ኤ.አ. በ1935 አስመዘገበ። እናት ዛፉ እ.ኤ.አ. በ2002 ሞተ፤ ከእሱ የተዳቀሉት ግን እኛ አገር ድረስ መጥተው ያንኑ ፍሬ ይሰጣሉ። ቡታጅራም የተዳቀለ ችግኝ ከሚፈላባቸው ቦታዎች አንዷ ስለሆነች ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም።

ችግኙን ሲያነሱ ግንዱን ከሥር ጀምረው በጣትዎ ይዳብሱት። ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ጠባሳ፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ መገጣጠሚያ ሊያገኙ ይገባል። ሁለቱ እንጨቶች አንድ ሆነው ካልገጠሙ፣ ሲነኩት የሚነቃነቅ ከሆነ ይተዉት። የታሰረበት ፕላስቲክ ግንዱን እየሰረሰረው ከሆነም ቶሎ ይፈታ። ሲተክሉ ይህ መገጣጠሚያ ከአፈር በላይ ይቅር፤ ብዙ ሰው «እንዲጠነክር» ብሎ ይቀብረዋል፣ ለመበስበስም ይዳርገዋል።

ቦታ ካለዎት ሁለት ዝርያ ይግዙ። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሴት፣ ቀጥሎ ወንድ ሆኖ። ሐስ ጠዋት ሴት ሆኖ ይከፈትና በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ሆኖ ይመለሳል። ፉኤርቴና ኤቲንገር የተባሉት ዝርያዎች ደግሞ ሴትነታቸው ከሰዓት በኋላ፣ ወንድነታቸው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ሐስ ብቻውንም ያፈራል፤ ከሁለቱ አንዱ አጠገቡ ካለና ንብ ካልጠፋ ግን ምርቱ ይበልጣል። ለገበያ የሚያስቡ ከሆነ ቆዳው ወፍራምና ሻካራ ስለሆነ መንገድ የሚችለው ሐስ ነው። ለቤትዎ ከሆነ ቆዳው ስስ የሆነውን ፉኤርቴን እኔ አስቀድመዋለሁ።

አየሩ በወልቂጤም በቡታጅራም ይስማማል። ጉመር ደጋው ላይ ላሉ ዘመዶችዎ ግን ውርጭ ስላለ አፕል ይላኩላቸው። ከአየሩ ይልቅ የሚያሰጋኝ አፈሩ ነው። ጓሮው ክረምት ውሃ የሚያቁር መረሬ ከሆነ የአቮካዶ ሥር ይበሰብሳል፣ ዛፉም ቆሞ ይደርቃል። ተዳፋት ቦታ ይምረጡ፤ ከሌለ አፈሩን ቆልለው ጉብታው ላይ ይትከሉ።

እባክዎ፣ ለአቮካዶ ብለው እንሰት አይንቀሉ። እናቶቻችን እንሰቱን ከቤቱ ጀርባ ያደረጉት ፍጉ በቅርብ እንዲደርሰው ነው፤ ቆጮው ለክፉ ቀን የሚደርሰውም በዚህ እንክብካቤ ነው። አቮካዶ ሲያድግ ሰፊ ጥላ ስለሚጥል ከእንሰቱ ረድፍም ሆነ ከሌላው አቮካዶ ስድስት ሰባት ሜትር ያርቁት። ለዚህ የሚበቃ ቦታ ከሌለ አንድ ዛፍ ይበቃዎታል።

ብዙዎቻችን አገር ቤት የምንገባው ለመስቀል ወይም ለአረፋ ስለሆነ ችግኙንም ያኔ ይዘን እንሄዳለን። መስቀል ዝናቡ የሚያበቃበት ጊዜ ነው፤ ያኔ የተተከለ ችግኝ በጋውን ሙሉ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ይፈልጋል። ገንዘቡን በግንቦት ይላኩ፣ ጉድጓዱ ቀድሞ ይቆፈር፣ ችግኙ ሰኔ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይተከል። ለመስቀል ሲገቡ ከመገጣጠሚያው በታች ያቆጠቆጠ ቀንበጥ ካዩ በጥፍርዎም ቢሆን ይቁረጡት። ያ ቀንበጥ የታችኛው ግንድ ነው፤ ከተተወ የላይኛውን ውጦ የከፈሉበትን ዝርያ ያሳጣዎታል።