ጥቁሩ ጭስ የማን ገንዘብ ነው?

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው የዓባይ ሸለቆ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱ ብዙ አይደለም፤ ለሞተር ግን ከባድ ፈተና ነው። ተሽከርካሪው ከደጋው ተነሥቶ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮም ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። በዚህ ዳገት ላይ አሮጌ አውቶቡስ የሚተፋውን ጥቁር ጭስ ያላየ መንገደኛ ጥቂት ነው። ከኋላ የሚከተለው መስኮቱን ይዘጋል፤ በመንገዱ ዳር ከብት የሚጠብቀው እረኛ በጋቢው አፍንጫውን ይሸፍናል።

ይህ ዘጋቢ ከጥቂት ወራት በፊት ከእነዚህ አውቶቡሶች በአንዱ ተሳፍሮ ነበር። ዳገቱ ከተጋመሰ በኋላ የሙቀት መለኪያው ቀዩን መስመር አለፈ፤ ራዲያተሩ ፈላ፤ አውቶቡሱም ቆመ። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ውኃ ፍለጋ ሄደ። ለገበያ ዶሮ የያዙ አንዲት እናት፣ በቆላው ሙቀት ክንፋቸውን ለዘረጉት ዶሮዎች በጃንጥላቸው ጥላ አበጁላቸው። የሐኪም ቀጠሮ ወረቀት በኪሳቸው የያዙ አዛውንት ሰዓታቸውን ደጋግመው አዩ። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመን ስንጠብቅ ከተሳፋሪው የተሰማው ፍርድ አንድ ነበር፤ መኪናው አርጅቷል የሚል።

ፍርዱ ግማሽ እውነት ነው። ያረጀ ሞተር በርግጥ ይደክማል። ጥቁር ጭስና የፈላ ራዲያተር ግን ብዙውን ጊዜ ከዕድሜ ይልቅ የጥገናና የማስተካከያ ጉድለት ምልክቶች ናቸው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ችግሩ ዕድሜ ብቻ ከሆነ መፍትሔው አዲስ አውቶቡስ መግዛት ነው። ማስተካከያ ከሆነ ግን መፍትሔው በቅርብ፣ በጋራዡና በባለንብረቱ እጅ ይገኛል።

አየር ያጠረው ሞተር

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይሠራም። አየርን ብቻ ስቦ ከ16 እስከ 20 እጥፍ ያህል ይጨምቀዋል። የተጨመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይግላል፤ በዚያች ቅጽበት ናፍጣ ሲረጭበት ራሱ ይቀጣጠላል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በተሳካ ሁኔታ ያሠራው ሞተር የቆመው በዚህ መርሕ ላይ ነበር። ቦሽ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ በብዛት ያመረተው የናፍጣ ፖምፓ ደግሞ ሞተሩን ለጭነትና ለሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ምቹ አደረገው።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሁለት ነገሮች ሚዛናቸውን መጠበቅ አለባቸው፤ አየርና ናፍጣ። አንድ ሊትር ናፍጣ በሚገባ ለመቃጠል በባሕር ጠለል ላይ 10 ሺህ ሊትር ያህል አየር ይሻል። ከፍታ በጨመረ መጠን አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ከ2 ሺህ 800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ፣ ሞተሩ በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር ክብደቱ በባሕር ጠለል ላይ ከሚስበው በሩብ ያህል ያንሳል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ደግሞ ጉድለቱ ከዚያም ይበልጣል።

ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች አየሩን በኃይል ስለሚያስገቡ ጉድለቱን በከፊል ይሞላሉ። ብዙዎቹ አሮጌ አውቶቡሶች ግን ቱርቦ የላቸውም። ፖምፓቸው ለቆላና ለባሕር ጠለል አየር በተወሰነው የናፍጣ መጠን እንደተስተካከለ ወደ ደጋው ይወጣሉ። አየሩ በሩብ ቀንሶ ናፍጣው ባለበት ሲቀጥል፣ የተረፈው ናፍጣ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። በምድጃ ውስጥ እንጨት አለመጠን ሲታጨቅ ቤቱ በጭስ ይሞላል እንጂ ምጣዱ ቶሎ አይግልም። የሞተሩም ነገር እንዲሁ ነው።

የውኃው መፍላትም ከከፍታው ጋር ይያያዛል። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ 3 ሺህ ሜትር ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ ውኃውን በግፊት አምቆ የሚይዘው በክዳኑ ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ግፊቱ ያመልጥና ውኃው ገና ሞተሩ ሳይጨነቅ መፍላት ይጀምራል። ዋጋው ትንሽ የሆነ ክዳን አንድን ሙሉ አውቶቡስ ዳገት ላይ ሊያስቀር ይችላል።

«ፖምፓ ክፈትልኝ»

ችግሩን የሚያባብሰው በየጋራዡ የተለመደ አንድ አሠራር አለ። ዳገት ላይ ጉልበት ያነሰው አሽከርካሪ መካኒኩን ፖምፓ እንዲከፍትለት ይጠይቃል። መካኒኩም የፋብሪካውን ማኅተም ሰብሮ የናፍጣውን መጠን የሚወስነውን ብሎን ያዞራል። ለጥቂት ቀናት ሞተሩ የበረታ ይመስላል። አየር ላጠረው ሞተር ናፍጣ መጨመር ግን ለትርፍ ጭስና ለትርፍ ሙቀት መዳረግ ነው። የጢሱ ሙቀት ይጨምራል፤ ቫልቮቹና የፒስተን አናት ይቃጠላሉ፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይነዳል፤ ራዲያተሩም ይፈላል።

በዚህ ውስጥ የእያንዳንዱ ሰው ፍላጎት የተለያየ ነው። አሽከርካሪው ዳገቱን በሰዓቱ መውጣት ይፈልጋል። መካኒኩ ደንበኛውን ማስደሰት ይፈልጋል። ባለንብረቱ ጉዳቱን የሚያየው ከወራት በኋላ፣ ሞተሩ ሲፈታ ነው። ተሳፋሪው ደግሞ በመካከል በሰዓቱና በቀጠሮው ይከፍላል። በዚያ ዕለት በዓባይ ዳገት ላይ ሰዓታቸውን ይመለከቱ የነበሩት አዛውንት ቀጠሯቸውን አልደረሱበትም።

ኪሳራውን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አውቶቡስ ለ100 ኪሎ ሜትር 25 ሊትር ናፍጣ ይጨርሳል እንበል። ከዚህ ውስጥ አሥር በመቶው በማስተካከያ ጉድለት ቢባክን፣ በ100 ኪሎ ሜትር ሁለት ሊትር ተኩል በከንቱ ይሄዳል። በቀን 200 ኪሎ ሜትር፣ በወር 24 ቀን ቢሠራ 120 ሊትር ይሆናል። አንባቢ ይህን በአካባቢው የናፍጣ ዋጋ ሊያባዛው ይችላል። ውጤቱ የፖምፓና የኢንጀክተር ፍተሻ ከሚጠይቀው ክፍያ ጋር ቢነጻጸር፣ ማን እንደሚከስር ግልጽ ይሆናል።

የጭሱ ቋንቋ

ልምድ ያለው መካኒክ ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት ጭሱን ያነባል። ባለንብረትና ተሳፋሪም ይህን ማንበብ ቢችሉ ይጠቀማሉ።

ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ መብለጡን ያመለክታል። መንስኤው የተከፈተ ፖምፓ፣ በደንብ የማይረጭ ኢንጀክተር ወይም በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያ ሊሆን ይችላል። በጠጠር መንገድ ለሚሠራ አውቶቡስ መጀመሪያ መታየት ያለበት ማጣሪያው ነው፤ ፖምፓውን መንካት የመጨረሻው እርምጃ ይሁን።

ነጭ ጭስ በንጋት ብርድ ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ የተለመደ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ ግን ናፍጣው ዘግይቶ እየተረጨ፣ የሞተሩ የመጨመቅ ኃይል ቀንሶ፣ ወይም ውኃ በተጎዳ ጓርኒሲዮን በኩል ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። ራዲያተሩ ያለ ግልጽ ፍሳሽ ውኃ የሚጎድለው ከሆነ የመጨረሻው ጥርጣሬ ይጠናከራል።

ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ይናገራል። የፒስተን ፋሻዎች ወይም የቫልቭ ጎማዎች ሲያልቁ ዘይቱ ወደ ማቃጠያው ክፍል ይገባል። በርግጥ የዕድሜ ምልክት ሊባል የሚችለው ይህ ነው። ዘይት በወቅቱ በመለወጥ ግን ይህንንም ለዓመታት ማዘግየት ይቻላል።

የማስተካከያው ሥራ ራሱ ትዕግሥትን ይጠይቃል። የቫልቮቹ ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። አምራቹ በወሰነው ሁኔታ፣ በአብዛኛው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በመለኪያ ስስ ብረት መስተካከል ይገባዋል። በጆሮ ድምፅ እየሰሙ ብቻ መሥራት አይበቃም። ኢንጀክተሮቹ ተነቅለው የሚከፈቱበት ግፊትና የሚረጩበት ሁኔታ በመፈተሻ መሣሪያ ይታያል። ፖምፓው ደግሞ ለሁሉም ሲሊንደር እኩል ናፍጣ መስጠቱ የሚረጋገጠው በፖምፓ መፈተሻ ማሽን ላይ እንጂ መኪናው ላይ እንዳለ በመፍቻ በመነካካት አይደለም። ለደጋ መስመር የሚሠራ ሞተር የናፍጣው መጠን በአምራቹ መመሪያ መሠረት ለከፍታው ተመጥኖ ሊቀነስ ይገባል። ጉልበቱ ጥቂት ይቀንሳል፤ አሽከርካሪውም አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጎ በዝግታ ይወጣል። ሞተሩ ግን ዳገቱ ላይ አይቀርም።

ንጹሕ ናፍጣም የማስተካከያው አካል ነው። የፖምፓው ውስጣዊ ክፍሎች የሚንቀሳቀሱበት ክፍተት ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። በበርሜልና በጀሪካን የተቀመጠ ናፍጣ ውኃና አቧራ ከያዘ ይህን ክፍል በአጭር ጊዜ ያበላሸዋል። የናፍጣ ማጣሪያውን በወቅቱ መቀየርና በሥሩ የተጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስ ማንኛውም ረዳት ሊማረው የሚችል ሥራ ነው።

ቁልቁለቱም ሒሳብ አለው

ናፍጣ ለመቆጠብ ሲሉ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥተው የሚወርዱ አሽከርካሪዎች አሉ። ልማዱ ከአደገኛነቱ በላይ ቁጠባም የለውም። ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ፣ የፖምፓው ተቆጣጣሪ ክፍል ናፍጣውን ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ማርሽ ወጥቶ ሲወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱን ይቀጥላል። ከሁሉም በላይ፣ በማርሽ የሚወርድ አውቶቡስ በሞተሩ ይያዛል፤ ማርሽ ያወጣው ግን ሸክሙን ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጥላል። በሊማሊሞ ወይም በዓባይ ቁልቁለት የጋለ ፍሬን ሲከዳ የሚደርሰውን ማንም አይስተውም።

አሮጌው አውቶቡስ ለምን ይቆያል?

አንዳንዶች መፍትሔው አሮጌዎቹን ከመንገድ ማስወጣት ነው ይላሉ። ሐሳቡ ለጤናና ለደኅንነት ሲባል ተገቢነት አለው። ሆኖም የዘመኑን ኢኮኖሚ ማየት ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ መወሰን ሲጀምር የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ በብር ሲተመን ንሯል። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሣቱ ደግሞ የሚባክነውን እያንዳንዱን ሊትር ውድ አድርጎታል።

የሦስቱ ድምር ውጤት ግልጽ ነው። አዲስ አውቶቡስ ለብዙ ባለንብረት ርቋል፤ በአሮጌው ማባከንም የማይቻል ሆኗል። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ ቦዲ የተሠራላቸው «ቅጥቅጦች»ም ሆኑ ቀደምት ትላልቅ አውቶቡሶች በገጠር መስመሮች ለዓመታት መሥራታቸው አይቀርም። ስለዚህ ጥያቄው በምን ሁኔታ ይሥሩ የሚለው ነው።

ምን ይደረግ?

ባለንብረቶች ለእያንዳንዱ አውቶቡስ የጥገና መዝገብ ቢይዙ የመጀመሪያው እርምጃ ይሆናል። ዘይት የተለወጠበት፣ ማጣሪያ የተቀየረበት፣ ቫልቭና ኢንጀክተር የተፈተሸበት ቀንና ኪሎ ሜትር ይጻፍ። የተቀዳው ናፍጣና የተሄደው ርቀት በየሳምንቱ ቢነጻጸር፣ ብክነቱ ጭስ ሆኖ ከመታየቱ በፊት በወረቀት ላይ ይታያል።

የዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ተቋማት ፍሬንና መብራትን በሚያዩበት ጥንቃቄ ጭሱንም በመሣሪያ ሊለኩ፣ የፖምፓው ማኅተም መሰበሩንም ሊያዩ ይገባል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ደግሞ ለደጋው ከፍታ የሚሆነውን የናፍጣ ማስተካከያ በሥልጠናቸው ራሱን የቻለ ትምህርት ቢያደርጉት፣ የፖምፓ መፈተሻ ማሽን ያላቸው ወጣቶች በወረዳ ከተሞች ሥራ ይፈጥሩበታል። ዛሬ ይህን ፍተሻ ፈልጎ ወደ ትልልቅ ከተሞች የሚጓዝ ባለንብረት የቀናት ገቢ ያጣል።

ጉዳዩ ለአርሶ አደሩም ሩቅ አይደለም። ምርቱን ወደ ገበያ፣ ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ይኸው አውቶቡስ ነው። ከዚህም በላይ በመስኖ ማሳው ዳር ውኃ የሚስበው፣ በትራክተሩ ውስጥ ያለውና ብዙ የገጠር ወፍጮዎችን የሚያዞረው ሞተር የአውቶቡሱ ታናሽ ወንድም ነው። ይህ ዘጋቢ በግብርና ኮሌጅ የትራክተር አጠቃቀም ሲማር በመጀመሪያው ቀን የተሰጠው ሥራ ሞተር መፍታት አልነበረም፤ የአየር ማጣሪያን ከፍቶ አቧራውን ማየት ነበር። በማሳ ዳር የቆመ የውኃ መሳቢያ ጥቁር ሲያጨስ ባለቤቱ መጀመሪያ ይህንኑ ያድርግ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ምክር ለሞተርም ይሠራል። በመናኸሪያ ትኬት የሚቆርጥ ተሳፋሪ ስለ አውቶቡሱ ዕድሜ ከመጠየቅ ይልቅ ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል፤ ኢንጀክተሩ መቼ ተፈተሸ? የራዲያተሩ ክዳንስ ደኅና ነው? ጠያቂው ሲበዛ ባለንብረቱም መልስ ይዞ መምጣቱ አይቀርም።