የዓድዋን ጠመንጃ ማን ደበቀው?

የካቲት 23 በመጣ ቁጥር በየመድረኩና በየቴሌቪዥኑ አንድ አባባል ይደጋገማል፤ አባቶቻችን በጦርና በጋሻ ብቻ፣ ዘመናዊ መሣሪያ የታጠቀውን የጣሊያን ጦር ድል አደረጉ ይባላል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ያን የሚያህል መታሰቢያ ከቆመም በኋላ አባባሉ አልቀረም። ይህን የሚቃወም ሰው ድሉን እንዳሳነሰ ይቆጠራል። እኔ ግን ድሉን የሚያሳንሰው ራሱ አባባሉ ነው እላለሁ።

በ1888 ዓ.ም. ወደ ሰሜን የዘመተው ሠራዊት ጦርና ጎራዴ የያዘም ነበረበት። አብዛኛው ግን ባለ ጠመንጃ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ሠራዊቱን ወደ 100 ሺህ ሲገምቱ፣ ጠመንጃ የያዘውን ከ70 ሺህ በላይ ያደርጉታል። የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ያሰለፈው ጦር 17,700 ያህል ነበር። በመድፍ ብዛት ጣሊያኖች ይበልጡ ነበር፤ 56 መድፍ ይዘዋል። በጅሮንድ ባልቻ ያሉበት የእኛ መድፈኛ ግን ከጣሊያኖቹ የተራራ መድፍ ይልቅ ርቀው የሚመቱ ሆችኪስ መድፎች ነበሩት።

ይህ ሁሉ መሣሪያ ከሰማይ አልወረደም። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ጀምሮ በዓመታት ውስጥ የተሰበሰበ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ጠመንጃ አስጭኖ እንጦጦ ድረስ መጥቷል። ሐረር ከተያዘች በኋላ ራስ መኮንን የባሕሩን በር መንገድ ያዙ፤ የዝሆን ጥርስና ቡና ሲወጣ ውጅግራና ሬሚንግተን ይገባ ጀመር። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የ1885ቱ ነው። ጣሊያን ወዳጅነቱን ለማጽናት ሁለት ሚሊዮን ጥይት ላከች። ምኒልክ ጥይቱን ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት የውጫሌን ውል መሰረዛቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት በደብዳቤ አስታወቁ። እንዲህ ያለ መሪ የነበረን ሰዎች ድሉን በባዶ እጅ የተገኘ አስመስለን ስንናገር ያናድደኛል።

ስንቁንም እናስብ። ከብቱን የጨረሰው ክፉ ቀን ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። በዚያች አገር ያን ሁሉ ሰው፣ በቅሎና አህያ ከሸዋ ትግራይ አድርሶ ለወራት ማቆየት ከውጊያው የማይተናነስ ሥራ ነው። መቀሌ ላይ እቴጌ ጣይቱ የምሽጉን ውኃ አስይዘው ጣሊያኖቹን በጥም አስለቀቁ። በየካቲት መጨረሻ ግን የእኛም ስንቅ ተሟጦ ነበር። ባራቲየሪ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ ሠራዊቱ ለመበተን ሊገደድ ይችል ነበር። እሱንም ከሮም የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ቴሌግራም እያጣደፈው፣ ጄኔራሎቹም ማፈግፈጉን አንቀበልም አሉት። ለእኛ ይሰልል የነበረው ባሻይ አውዓሎምም ሊያታልላቸው የምኒልክ ሠራዊት ምግብ ፍለጋ ተበትኗል የሚል ወሬ ለጣሊያኖች አደረሰ። ይህ ሰው ከጦር አለቆቹ እኩል መወሳት አለበት።

ጣሊያኖችም የራሳቸውን ተረት ፈጥረዋል፤ የተሸነፍነው በካርታ ስህተትና በሰው ብዛት ነው ይላሉ። የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ በካርታው ላይ ተሳስቶ መሰየሙ እውነት ነው፤ የአልበርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ተነጥሎ ርቆ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ክፍተቱን አይቶ በፍጥነት የገባበት ግን የኢትዮጵያ ሠራዊት ነው። ካርታ ብቻውን ጦር አይሰብርም።

የድሮ ሠዓሊዎቻችን ከዛሬ ተናጋሪዎቻችን ይልቅ ታማኞች ነበሩ። የዓድዋን ሥዕሎች ተመልከቱ፤ በእኛ ወገን ተኳሹ በረድፍ ተሰልፎ፣ መድፉም ሲያጨስ ታያላችሁ።

ተረቱ ምን ይጎዳል የሚለኝ ሰው ማይጨውን ያስታውስ። ወኔና ጎራዴ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ለምን ተሸነፍን? በዓድዋው ተረት ያደገ ልጅ የማይጨው ዘማቾች ወኔ አነሳቸው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እነዚያ ዘማቾች ግን ከጎህ ጀምረው የጣሊያንን ምሽግ ደጋግመው አጥቅተዋል። ያጡት አባቶቻቸው ዓድዋ ላይ የነበራቸውን የመሣሪያ አቻነት ነው። መሣሪያ እንግዛ ሲሉ ኃያላኑ በር ዘግተውባቸው፣ ከላይ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ወርዶባቸው ነው የተዋጉት።