«48 ቮልት ምን ያደርጋል?»

«48 ቮልት እኮ ነው፤ አይዝም!» ይህን ቃል በባትሪ ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ግማሽ እውነት ነው። አደጋው ያለው በሌላው ግማሽ ላይ ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ መብራት ሲሄድ የስልካችን ኔትወርክ ወዲያው የማይጠፋው ለቴሌኮም መሣሪያው በተቀመጡት ባትሪዎች ነው። መሣሪያው በአብዛኛው በ48 ቮልት ዲሲ ይሠራል። ቁጥሩ ከቤታችን 220 ቮልት ስለሚያንስ ጥንቃቄውም አብሮ ያንሳል።

እስቲ አንድ ብየዳ ቤት ጎራ በሉ። በያጁ ብረት ሲያቀልጥ ቮልቱ ከ20 እስከ 30 ብቻ ነው። ሥራውን የሚሠራው አምፔሩ ነው። የባትሪ ክፍል ባትሪ ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ከተገናኙ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር አምፔር በቅጽበት ሊለቅ ይችላል። ያመለጠ እንግሊዝ ቁልፍ ወይም የጣት ቀለበት ይበቃዋል። ሰውየውን ኮረንቲ አይዘውም፤ ግን ጣቱን ወይም ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ብሬከር ነው። ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብሬከሩ ሲከፈት ብልጭታው ቶሎ ይጠፋል። ዲሲ ግን ዜሮ የለውም፤ ብልጭታው እየነደደ ሊቀጥል ይችላል። እኛ ጋ ደግሞ ከፍታው ይጨመራል። ብዙ ብሬከሮች የሚሠሩት እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ታስበው ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ናት። ስስ አየር ብልጭታ ለማጥፋትም ሙቀት ለመውሰድም ይደክማል።

ሦስተኛው አየሩ ነው። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ያወጣል። በክፍሉ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ አንድ ብልጭታ ያፈነዳዋል። ብርድ ፈርቶ የባትሪ ክፍል መስኮት መድፈን ታዲያ ምን ይባላል?

«ይህ የቴሌኮም ሰዎች ጉዳይ ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። መብራት በጠፋ ቁጥር ሱቁም፣ ክሊኒኩም፣ መኖሪያ ቤቱም ሶላርና ኢንቨርተር እየገጠመ ነው። የቤት ኤሲ ብሬከር ከሶላር ባትሪ ጋር የሚያገናኝ ሁሉ ያንኑ አደጋ ቤቱ ያስገባል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ገዢ መሥሪያ ቤቶች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ «ለዲሲ የተሠራ፣ ለከፍታችን የሚሆን» የሚል መስመር ይጨምሩ። አሠሪዎች እጀታው በፕላስቲክ የተሸፈነ መፍቻ፣ የዓይን መነጽርና አየር ማስወጫ ያሟሉ። ቴክኒሻኑም ወደ ክፍሉ ሲገባ ቀለበቱንና ሰዓቱን በር ላይ ያውልቅ። ይህ የመጨረሻው ምንም ብር አይጠይቅም፤ ከነገ ጠዋት ይጀመር።